የማርስ ገደልና የወንድሜ ማሳ

አንድ ገደል እስኪናድ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ገደሉ ያለው ማርስ ላይ ነው። እኔ ያለሁት ጎንደር፣ በማስተምርበት ኮሌጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አልገጥም ባለ ቢሮ ውስጥ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የጂኦሎጂ መምህር ነኝ» እልና አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሌላውን ለማስረዳት ግን አቅሙ የለኝም። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት ብነግራት ፊቴን ትንሽ አየት አደረገችና «እግዜር ይማርሽ» ብላኝ ወረደች።

ሌላው ሥራ ይህ ነው። በማርስ ዙሪያ የምትዞር፣ ሰው የሌለባት መንኮራኩር አለች። ከላይ ሆና መሬቱን ፎቶ ታነሣለች። ፎቶው ከመጥራቱ የተነሣ የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ድንጋይ ለይቶ ያሳያል። ያው ቦታ ከአንድ የማርስ ዓመት በኋላ፣ ማለትም በእኛ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እንደገና ይነሣል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን እያየ ምን እንደተለወጠ መፈለግ አለበት። እኔ ተማሪ ሳለሁ ማርስ የሞተች፣ የማትንቀሳቀስ ድንጋይ ናት ብለን ነበር የምናልፋት። አይደለችም። ቁልቁለቷ አፈር ያንሸራትታል፣ ነፋሷ የአሸዋ ክምር ይገፋል፣ በሰሜን ዋልታዋ ያለው የበረዶ ገደል የጸደይ ፀሐይ ሲያርፍበት ከግንባሩ እየተገመሰ ይወድቃል። የእኔ ድርሻ ከዚያ ገደል አንዱ ቁራጭ ነው።

እዚህ ውስጥ ያስገቡኝ የድሮ መምህሬ ናቸው። ከአውሮፕላን የተነሣ የመሬት ፎቶ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ውጭ አገር ካለ የተመራማሪዎች ቡድን ጋር ለብዙ ጊዜ ይጻጻፉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው ደከመና ድርሻቸውን ለእኔ አስረከቡኝ።

«የምታዪው ምንም ነው» አሉኝ ያን ቀን። «ምንም፣ ምንም፣ ምንም፤ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ነገር። የሚያደክመው ያን ምንም የሚባለውን በትክክል ማየቱ ነው።»

ያን ጊዜ መነጽር አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ከሌለኝ በሬን ዘግቼ ኮምፒዩተሩን እከፍታለሁ፤ መብራት ካለ፣ ኔትወርክም ካለ። ሁለቱ አብረው የተገኙባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ኔት ለወራት የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ቀድሜ ያወረድኳቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ ሳይ ከርሜ ገደሉን ከራሴ ሰፈር ይልቅ ለይቼ አወቅሁት። ከላይ ነጩ ውርጭ፣ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበው በረዶና አቧራ፣ ከግርጌው የተበተኑት ቋጥኞች። ቋጥኞቹን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም።

በሦስተኛው ዓመት ገደማ ግንባሩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። «ተንዷል» ብዬ በዚያው ሰዓት ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ ከቡድኑ አስተባባሪ መልስ መጣ። ሴትዮዋ በጣም ትሑት ናት፤ ለትጋቴ አመሰገነችኝና በሁለተኛው ፎቶ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለነበር ጥላው ረዝሞ እንደሆነ፣ የወደቀ ነገር እንደሌለ ገለጸችልኝ። ማንም ሳያየኝ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አፈርኩ። ለመምህሬ ደውዬ ነገርኳቸው። ሳቁ። «እኔንም ሁለት ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል» አሉ።

እሳቸው ሳቁ እንጂ እኔ ተለወጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጠርጣራ ሆንኩ። በእጄ የያዝኩት፣ የለካሁት፣ ሦስት ጊዜ ያየሁት ካልሆነ በቀር ምንም ላለመናገር ቆረጥኩ። ታላቅ ወንድሜ የደወለልኝ እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው።

ወንድሜ ገበሬ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር፣ ቁልቁለት ላይ ይኖራል። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። «አያ» ነው የምለው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባትም የማየው እሱን ነው።

«እታለም፣ መሬቱ አፉን ከፍቷል» አለኝ።

«የቱ ጋ?»

«ከቤቱ በላይ፣ ገብሱ ማሳ ላይ። እጄ ይገባል። አንቺ የድንጋይ ነገር ተምረሻል፤ ምነው መጥተሽ አታይልኝም?»

መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው አውቶቡስ አገኘሁ። ወለቃ ላይ ሴቶቹ ሸክላቸውን ከመንገዱ ዳር ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የሚቆምላቸው መኪና አልነበረም። ሁለት ቦታ ለፍተሻ ወረድን። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በሰው ርምጃ ነበር የሚነዳው። አምባ ጊዮርጊስ ደርሼ ሁለት ሰዓት በጭቃ ስሄድ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አረፍኩ። በዚያ መንገድ እየሮጥኩ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ።

ስንጥቁ እንደ ቅስት ጎበጥ ያለ፣ ሠላሳ ርምጃ የሚሆን ነበር። ዋልካ አፈር ሲደርቅ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ያ አልነበረም። ከስንጥቁ በታች ያለው አፈር ከላይኛው በአንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ቁልቁለቱ ተነሥቶ ለመሄድ ያሰበ ይመስላል።

«ይወርዳል?» አለኝ ወንድሜ።

«እንጃ።»

«መቼ?»

«እንጃ፣ አያ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?» አለች ሚስቱ፣ እየሳቀች። ከልቧ አልነበረም፤ ግን አልሳቅሁም።

ከስንጥቁ በላይ አንድ፣ በታች አንድ የወይራ ችካል አስመታሁ። ለወንድሜ ሚስት ሥራ ሰጠኋት። በየእሑዱ ከቅዳሴ ስትመለስ ክር ከችካል እስከ ችካል ትወጥራለች፣ ልክ ችካሉ ላይ ትቆርጠዋለች፣ የቆረጠችውን ታስቀምጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

«ይኸማ ሸጋ ሥራ ነው» አለች። «ክር ከመቁረጥ የቀለለ ምን አለ?»

ጎንደር ተመለስኩ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ከሁለት ወር በላይ ድምፃቸውን ሳልሰማ ቆየሁ። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ልትሸጥ የመጣች ጎረቤታቸው ኮሌጁ በር ላይ አስጠርታኝ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠችኝ። ፈታሁት። ዘጠኝ ቀይ ክሮች ናቸው። የመጀመሪያው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ ዘጠነኛው ላይ ዘጠኝ። ይህን ቋጠሮ እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ አስባ ነው ያደረገችው።

ጠረጴዛዬ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ዘረጋኋቸው። አራቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አምስተኛው በጥፍር ይበልጣል። ስድስተኛው በጣት። ዘጠነኛው ከመጀመሪያው በአንድ መዳፍ ይረዝማል። የጥላ ጉዳይ አልነበረም። በእጄ የያዝኩት ነገር ነበር። በማግሥቱ ትምህርቴን ለሌላ መምህር አስይዤ ሄድኩ።

«ከዚህ ቤት ውጡ» አልኳቸው። «ክረምቱ ሳይገባ።»

ወንድሜ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ወዴት ነው የምሄደው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሜዳ። ሸራ ወጥራችሁ።»

«ገብሱን ዝንጀሮ ይብላው?»

«አያ፣ እባክህ። ክሩን አየህ አይደል?»

«አየሁት» አለ። «ክሩን አየሁት።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባና ማረሻውን ይዞ ወጣ። መስማማቱን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ሸራው ውስጥ ሦስት ወር ከረሙ። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ወረደ። የወንድሜ ሚስት ሳል ያዛት። ቤቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎረቤቶች መጀመሪያ አዘኑላቸው፣ ቀጥሎ አልፈው ማሾፍ ጀመሩ። ከታች ያለው ባለ ማሳ፣ ከወንድሜ ጋር በድንበር ምክንያት የቆየ ቂም ያለው ሰው፣ «ሸራ ወዳዱ መጣ» ይለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ወንድሜ በየቀኑ ወርዶ ባዶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ይመለስ ነበር። ቤቱን የሚጠብቅ ሳይሆን ቤቱ እስኪወድቅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር አሉ። እኔም ጎንደር ሆኜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳስበው ምነው ወድቆ በተገላገልን የምልበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ስልኩ ሲሠራ የወንድሜን ሚስት አገኘኋት።

«ክሩስ?»

«ክሩማ ቆሟል። ሦስት እሑድ አልጨመረም። ሸራው ግን ልባችንን አወለቀው፣ እቴ።»

«ትንሽ ታገሡ።»

«እንታገሣለን፣ ምን እናደርጋለን። ምንጩም ደፍርሷል። ሳምንቱ ነው። አመድ የበጠበጡበት መስሏል።»

«ክረምት አይደል? ዝናቡ ነው» አልኳት።

ከፊቴ የፈተና ወረቀት ተከምሮ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ማረሜን ቀጠልኩ። ያን ቀን ያን ቃል ምን ያህል ቀለል አድርጌ እንደተናገርኩት አሁንም በጆሮዬ ይሰማኛል።

የወደቀው በፍልሰታ ጾም ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ እያለ። የወንድሜ ሚስት እንደነገረችኝ መጀመሪያ ከሥር የሚዞር ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ሰሙ። ቄሱ ዝም አሉ። ከዚያ ምድር እንደ መንቀጥቀጥ አለችና ዝም አለች። ሮጠው ወጡ። ጭስ የመሰለ የአፈር ትቢያ በዝናቡ መሐል ቆሟል። የወረደው ከወንድሜ ቤት በላይ ያለው አልነበረም። ከጎን፣ ምንጩ ያለበት ጥግ ነው የወረደው። የሁለት ጎረቤት የድንች ማሳ፣ የወንድሜ ሁለት በጎች፣ መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ፣ ሁሉም ከአፈር ሥር ሆነ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ሰዓት ምንጩ ዳር ሴቶች ይሰለፋሉ። ያን ቀን ማንም አልነበረም። የወንድሜ ቤት እንደቆመ ነው።

መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ደርሼ ሳየው ተቀመጥኩ። የወረደው አፈር በቤት ቁመት ተቆልሏል። እኔ ችካል ያስመታሁት በዚያ በኩል፣ ቁልቁለቱ የሄደው በዚህ በኩል። አንድ ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ መቶ ርምጃ ፈቀቅ ብዬ ጎኑን አላየሁትም። የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረስ ከውስጥ አፈር እየታጠበ፣ ቁልቁለቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ሊያመለክት እንደሚችል በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

«አንቺ ያልሽው ቦታ አልወረደም» አለ ወንድሜ። ክፋት አልነበረበትም። ያየውን ነበር የተናገረው።

ሚስቱ የበጎቹን በረት እየጠረገች ነበር። ቀና ሳትል «ውኃው ነግሮን ነበር» አለች።

«ነግረሽኝ ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።»

አሁን ቀና አለች። «አንቺ ብቻ ነሽ? እኛስ ስንጠጣው አልነበር?»

ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ማንን እንደምጠይቅ፣ ስለየትኛው እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ሰው አልሞተም፤ ግን ሴቶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። የወንድሜ ሚስት ከነሳሏ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ነገርኳት። ያ ውኃ አልጠፋም፤ ከታች፣ ከክምሩ ግርጌ በሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም፤ በየእሑዱ እየወረድሽ እርጥብ መሬት ፈልጊ። «እሺ» አለች። እምነት አልነበራትም፤ ግን እሺ አለች።

ጎንደር ስመለስ ኔት ተመልሶ ነበር። የገደሉ የዘንድሮ የጸደይ ፎቶ መጥቷል። ሦስት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። በአራተኛው ከሰዓት በኋላ ከፈትኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ የማየት ፍላጎት ኖሮኝ አይደለም። ሁለት ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ ነው ያገኘሁት። ነጩ ግንባር ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ የጎደለ ቦታ አለ። ከግርጌው እኔ የማላውቃቸው ቋጥኞች ተበትነዋል። አንዱ ተንከባሎ የሄደበት ዱካ ሳይቀር ይታያል። የፀሐዩን ማዕዘን አሰላሁ። ጥላውን ለካሁ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነበር። ደስታ ይመጣል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ ላክሁት፣ ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ።

አስተባባሪዋ በአራት ቀን መለሰች። ትክክል ነው፣ ከብዙ ሰዎች ስም ጋር የእኔም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል አለች። መምህሬን ለማብሰር ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ የማርሱንም፣ የወንድሜንም። የማርሱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የወንድሜን ሲሰሙ ዓይናቸው የማያየውን መስኮት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ማርስ ላይ የሚነግርሽ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ብቻሽን ማየት አለብሽ። እዚያ ግን የሚነግርሽ ሰው ነበረሽ።»

«አዎ።»

«ደክሞሽ ነበር?»

«ደክሞኝ ነበር፣ መምህር። አሁንም ደክሞኛል።»

ሚስታቸው ያቀረቡልኝን ቆሎ በልቼ ተነሣሁ።

በታኅሣሥ የወንድሜ ሚስት ደወለች። እየጮኸች ነበር፤ ሳሉም ትቷታል።

«ወጣ! እቴ፣ ወጣ!»

«ምኑ?»

«ውኃው ነዋ! ክምሩ ግርጌ። መጀመሪያ ጭቃ ነበር፤ አሁን ጠርቷል።»

«የማን መሬት ላይ?»

ሳቀች። የወጣው «ሸራ ወዳዱ» ይል በነበረው ሰው ማሳ ላይ ነው። ሰውየው ደግሞ ዙሪያውን አጥር ማጠር ጀምሯል። አዲስ ምንጭ ነው፣ እግዜር ለእኔ የሰጠኝ ነው ይላል። ሽማግሌ ተሰይሟል፤ አንቺም ነይና ያው የጥንቱ ውኃ መሆኑን መስክሪ ብለውሻል አለችኝ።

እንደገና መናኸሪያ፣ እንደገና ፍተሻ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት በእግር። ሽማግሌዎቹ ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። ውኃ ከላይ ገብቶ በአፈሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ፣ ክምሩ ቢዘጋበትም በታች እንዴት እንደሚወጣ በእንጨት መሬት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱ «ደግ ብለሻል፣ ልጄ» አሉ። «ያው ውኃ መሆኑን ግን በምን አወቅሽ? ገብተሽ አላየሽው።»

እውነታቸውን ነው። አላየሁትም።

የወንድሜ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። በጣሳ ውኃውን ቀዳችና ለትልቁ ሽማግሌ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «አያ፣ ይቅመሱት» አለች። «ከተወለዱ ጀምሮ የጠጡት አይደለም?»

ጠጡ። አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያዙት። ዋጡና ጣሳውን ለቀጣዩ አቀበሉ። ጣሳው ዞረ። በመጨረሻ ባለ ማሳው ጋ ደረሰ። እሱም ጠጣ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ጣሳውን አየው።

«ያው ነው» አለ። «የእናቴ እንስራ ውኃ ነው።»

አጥሩ እንዲነሣ፣ በማሳው ዳር የእግር መንገድ እንዲተውና በምትኩ መንደሩ እርከኑን እንዲሠራለት ተስማሙ። ወንድሜና እሱ ግን እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። ያ ድንበር ገና ብዙ ዘመን ያጣላቸዋል።

ወንድሜ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሸኘኝ። አሁን ሜዳው ላይ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። የድሮው ቤት አሁንም ቆሟል፣ ስንጥቁም ከበላዩ እንዳለ ነው።

«እዚያ አታድርበትም አይደል?» አልኩት።

«ገለባ ነው የማስቀምጥበት።»

«አያ?»

«ገለባ ብቻ ነው፣ እታለም። ምነው፣ አታምኝኝም?»

አምኜሃለሁ አልኩት። አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። መቀመጫ አልነበረም፤ እስከ ጎንደር ቆሜ ሄድኩ።